እናቴን መርምረው በጊዜ ወደ ሆስፒታል ለላኩልን የጤና መኮንን ምስጋና

በሚያዝያ መጨረሻ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ሌሊትም አላስተኛ ባለን ሳምንት፣ የ71 ዓመቷ እናቴ ከግራ ጆሮዋ ሥር አብጦ፣ ሕመሙ አፏን መክፈት እንኳ ከልክሏት አደረች። ጎረቤቱ ሁሉ «ጆሮ ደግፍ ነው፣ በራሱ ይጠፋል» አለን፤ በአንድ መድኃኒት ቤትም ፊቷን ሳያዩ ማስታገሻ ሸጡልን። በሦስተኛው ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጨመርበት ግን ከዚራ አካባቢ በአንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ወደሚሠሩ የጤና መኮንን ወሰድናት።

እኚህ ሴት እብጠቱን ከመንካታቸው በፊት ሕመሙ ምግብ ሲቀርብ ይብስ እንደሆነ፣ ጥርሷን ወይም ጉሮሮዋን አሟት እንደነበር፣ በቀን ምን ያህል ውኃ እንደምትጠጣ ጠየቋት። እናቴ ለደም ግፊቷ የሚያሸና መድኃኒት ስለምትወስድ፣ ሌሊት መመላለሱ ሰልችቷት ውኃ መቀነሷን ከእኛ ደብቃ ለእሳቸው ነገረቻቸው። ከዚያም «እማማ፣ አፍዎን እስከቻሉት ድረስ ይክፈቱልኝ» ብለው፣ በባትሪ እያበሩ ጉንጯን ከጆሮዋ ወደ አፏ በቀስታ ሲገፉት፣ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ካለችው የምራቅ መውጫ ቀዳዳ መግል ጠብ ሲል በዓይኔ አየሁ።

ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ምራቅ ስለሚያንስና ስለሚወፍር፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ምራቅ ዕጢው ወጥተው እንደሚያመረቅዙት አስረዱን። ጆሮ ደግፍ ግን በቫይረስ የሚመጣና ባልተከተቡ ልጆችና ወጣቶች ላይ የሚበዛ በመሆኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይሠራለትም። መብላት ሲጀመር አብጦ ቆየት ብሎ የሚቀንስ ከሆነ የምራቅ መውረጃውን የዘጋ ጠጠር ይጠረጠራል፤ የጥርስ ወይም የቶንሲል ቁስልም በዚያው ቦታ ንፍፊት ያወጣል። ሳያም ለሳምንታት የሚቆይ እብጠት፣ በተለይ ጠንካራ ከሆነ ወይም ፊትን ካጣመመ፣ የንፍፊት ቲቢ ወይም ዕባጭ (ቲዩመር) ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መታየት አለበት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው፣ በዚህ ዕድሜ ከትኩሳት ጋር ሲመጣ ቤት የሚታከም አይደለም ብለው፣ ያገኙትን በዝርዝር ጽፈው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ስለላኩን ነው። ከካርድ ሌላ አላስከፈሉንም። እናቴ በደም ሥር መድኃኒትና ፈሳሽ ተሰጥቷት በአምስተኛው ቀን ወጣች፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ደውለው ጠየቋት፤ የግፊቱን መድኃኒትም ሐኪሟን ሳታማክር እንዳታቋርጥ አስጠነቀቋት።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ፤ ክሊኒኩን ማወቅ ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እነግራለሁ።