ቤተሰብ ጥየቃና ባሕር በአንድ ጉዞ፦ ዛንዚባር ይሻላል ዲያኒ?

ለገና ከአሜሪካ አዲስ አበባ ገብተው፣ ቤተሰብ ጠይቀው፣ ጥቂት ቀን ደግሞ ለብቻቸው ባሕር ዳርቻ ማረፍ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት ሁለት ጥሩ አማራጮች ቅርብ ናቸው፦ የታንዛኒያዋ ዛንዚባርና ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለችው የኬንያዋ ዲያኒ። ከቦሌ ወደ ዛንዚባርም ወደ ሞምባሳም በረራ አለ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ከገና (ጃንዋሪ 7) እስከ ጥምቀት (ጃንዋሪ 19) ባለው ጊዜ ሂዱ። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ግርግር አልፎ የሆቴል ዋጋ ረገብ ይላል፤ የነቢያት ጾምም ተፈትቷል።

በወጪ ዲያኒ ትቀላለች። ለአሜሪካ ፓስፖርት የታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር ነው፤ ዛንዚባር በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ አዋቂ ጎብኚ 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ ትጠይቃለች። ለሁለት ሰው 288 ዶላር ማለት ነው። ለኬንያ በኢንተርኔት የሚወጣው የመግቢያ ፈቃድ በሰው 30 ዶላር ገደማ ነው። ከሁለት አንዳችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁማ ለኬንያ ቪዛ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው የኢትዮጵያ ቪዛ፦ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ከባሕር ስትመለሱ አያስገባችሁም፤ ለጥምቀት ቤተሰብ ጋ ለመመለስ ሌላ ማውጣት ግድ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ይህ አያሳስበውም። ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። የምትነሡት ከኢትዮጵያ ስለሆነ የአሜሪካ ፓስፖርት ቢኖራችሁም ትጠየቃላችሁ፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነውና ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። አዲስ አበባ ወባ የለም፣ ባሕሩ ዳር ግን አለ፤ መከላከያውን ከመነሣታችሁ በፊት ከሐኪም ተቀበሉ።

ባሕሩን በተመለከተ ዛንዚባር ትበልጣለች፤ ቦታውን ካወቃችሁ ብቻ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል። በፎቶ ያያችሁት ሰማያዊ ውሃ በነበረበት አሸዋና ድንጋይ ይቀራል፤ ሴቶች ተጎንብሰው ያመረቱትን የባሕር አረም የሚለቅሙት ያን ጊዜ ነው። በነፋስ እየተሳቡ ውሃ ላይ ለሚንሸራተቱ ፓጄ ግሩም ነው፤ በጃንዋሪ ነፋሱ ደህና ይነፍሳል። መዋኘት ለሚፈልግ ግን ሰሜኑ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ቀኑን ሙሉ ያዋኛል። ከአየር ማረፊያው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና ነው።

ዲያኒ ላይ ረጅም ነጭ አሸዋ አለ፤ ወደ ውስጥ ያለው ኮራል ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውሃው የተረጋጋ ነው። እዚያም ውሃው ሲሸሽ እሾኻም የባሕር እንስሳት ድንጋዩ መሃል ስለሚቀሩ የውሃ ጫማ ያዙ። ዛፉ ላይ ጉሬዛ ታያላችሁ፤ ጦጣው ግን ቁርሳችሁን ከጠረጴዛ ላይ ይነጥቃል፣ የበረንዳውን በር ዝጉ። ከሞምባሳ አየር ማረፊያ ስትወጡ ሾፌሩ መኪና በሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ሳይሆን በዶንጎ ኩንዱ መንገድ እንዲወስዳችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የጀልባው ሰልፍ ሰዓት ይበላል።

ለመዋኘት ብቻ ከሆነና ሁለታችሁም የአሜሪካ ፓስፖርት ካላችሁ ኑንግዊን እንመርጣለን። በጀት ለሚያሳስባችሁ ወይም ፓስፖርታችሁ ለተለያየ ዲያኒ ናት።

ትልልቁን ሻንጣና እናት የቋጠረችውን በርበሬና ሽሮ አዲስ አበባ ተዉት። ፌስታል በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017፣ በታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ለባሕሩ የምትይዙትን በጨርቅ ቦርሳ አድርጉ።