ፕሮጀክተር ልትገዙ የምትወጡ፣ ሪሞቱ ላይ ያለችውን የ«አስፔክት» ቁልፍ ተጠንቀቁ

ትናንት ተገዛ፣ ዛሬ ልመልስ ሄጄ ተባረርኩ። «ኦሪጅናል ነው፣ ፉል ኤችዲ ነው፣ ለአንተ ብዬ ነው» የሚለውን ሻጭ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካርቶኑ ላይ 1080ፒ (ፉል ኤችዲ ማለት ነው) በትልቁ ተጽፏል፤ «ይቀበላል» የምትለዋ ቃል ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ናት።

ላፕቶፕ ተሰካ፣ ኳስ ጨዋታ ተከፈተ። ምስሉ ከላይና ከታች ጥቁር ባዶ ይዞ ወጣ። ሰውየው ፊቴን አየት አደረገና ሪሞቱን አንስቶ ያቺን «አስፔክት» የምትባል፣ የምስሉን የወርድና የቁመት ምጣኔ የምትቀይር ቁልፍ ሁለቴ ነካ። ባዶው ጠፋ፣ የሱቁ ስክሪን ጥግ እስከ ጥግ ሞላ። «በቃ፣ ተስተካከለ» አለ። ቀጥሎ ሜኑ ከፍቶ «1920×1080» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። ተጫዋቾቹ ቀጥነው እግራቸው ረዝሟል፣ ኳሱ እንቁላል መስሏል። አይቼዋለሁ። አይቼ ግን ዝም አልኩና የዕድሩን መዋጮ ቆጥሬ ሰጠሁ። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ማሽኑ 4:3 ነው፣ ማለትም ወርዱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3፤ ምስሉን የሚሠራው ፓነል የራሱ ፒክስል (የምስል ነጥብ) 1024 በ768 ብቻ። እንደ ኳስ ጨዋታው ያለ የ16:9 ምስል ሳይዛባ ሲገባበት 1024 በ576 ይይዛል፤ ከላይ 96፣ ከታች 96 መስመር ባዶ ይቀራል። የፓነሉ ሩብ፣ የብርሃኑም ሩብ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ያቺ ቁልፍ ያደረገችው ምስሉን በቁመቱ በአንድ ሦስተኛ መሳብ ነው። የሱቁ ስክሪን 4:3 ስለሆነ ጉዱ ተሸፈነ። ሜኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ከላፕቶፑ የሚገባው ሲግናል እንጂ የማሽኑ አቅም አይደለም።

የአዳራሻችን ስክሪን 240 በ135 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 16:9 ነው። ምስሉ ወርዱን እንዲሞላ ሲደረግ ባዶው ከላይም ከታችም 22.5 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ስክሪኑ ውስጥ ይግባ ከተባለ ምስሉ ወደ 180 በ101 ያንሳል።

ዛሬ ልመልስ ስሄድ የሱቁ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እዚሁ ሞክረህ አይደል የወሰድከው?» አለች። ሻጩ ሰውየው «ላፕቶፕህ ነው አሮጌው» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ።

ስትሄዱ የክብ ሥዕልና ሜትር ያዙ። ኪስቶኑን (የተንጋደደ ምስል የሚያቃናውን ማስተካከያ) ዜሮ፣ አስፔክቱን አውቶ ላይ አድርጋችሁ የክቡን ወርድና ቁመት ለኩ፤ እኩል ካልሆነ ምስሉ ተስቧል። እኩል ሆኖ ከላይና ከታች ባዶ ካለ ማሽኑ 16:9 አይደለም። የሞዴል ቁጥሩን ፈልጋችሁ «ኔቲቭ ሬዞሉሽን» የሚለውን፣ ማለትም የማሽኑን የራሱን ፒክስል ብቻ እመኑ።

4:3 ማሽን እጃችሁ የገባ ደግሞ ላፕቶፑን 1024 በ768 አድርጉት፤ ፓወርፖይንት ላይ ዲዛይን፣ ከዚያ ስላይድ ሳይዝ ገብታችሁ 4:3 ምረጡ። ቢያንስ ለስላይድ ፓነሉ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ለኳስና ለፊልም ግን መላ የለውም።