ከአንድ ማሰሮ ተገንጥሎ የሚሸጥ የዘንባባ ችግኝ እንዳትገዙ

ለግቢያችሁ ዘንባባ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ችግኙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ብዙ ሰው እየተጎዳበት ያለ አንድ አሻሻጥ አለ።

ሻጩ ብዙ ዘር አንድ ላይ የተዘራበትን ማሰሮ ያመጣል። ችግኞቹ ተጠጋግተው ስለበቀሉ ከሩቅ ሲታዩ ቅጠሉ የሞላ አንድ ተክል ይመስላሉ። ከዚያ ተጠላልፎ የተቋጠረውን ሥር በቢላ ለሦስት ለአራት ይከፍለዋል፣ ወይም ችግኞቹን አንድ በአንድ እየመነጨቀ ያወጣቸዋል። እያንዳንዱን አዲስ አፈር ውስጥ ይሰካውና «ራሱን የቻለ፣ መሬት ለመውረድ የደረሰ ዘንባባ ነው» ይላል። የሚጠይቀው ዋጋም ከመጀመሪያው ለብቻው ላደገ፣ ሥሩ ማሰሮውን ለሞላ ችግኝ የሚከፈለውን ነው።

ሰው የሚታለለው ዘንባባ ቶሎ ስለማይጠወልግ ነው። የቲማቲም ችግኝ ሥሩ ከተበጠሰ በዚያው ቀን አንገቱን ይደፋል፤ ገዢም ወዲያው ያውቃል። የዘንባባ ቅጠል ግን ጠንካራ ነው፤ ተክሉ በውስጡ ያጠራቀመውን እየተመገበ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። መሞቱ ሲታወቅ ግዢው ተረስቷል። ቅሬታዬን ይዤ ስሄድ የተሰጠኝ መልስም «ውኃ አብዝተህበት ነው» የሚል ነበር። ሥሩ ሻጩ እጅ ላይ ተቆርጦ ሲያበቃ ጥፋቱ ገዢው ላይ መውደቁ ያበሳጨኛል።

ሥር መቆረጡ ዘንባባን ይህን ያህል የሚጎዳበት ምክንያት አለው። እንደ ማንጎ ወይም አቮካዶ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር የለውም፤ ሥሮቹ በሙሉ እንደ በቆሎ ከግንዱ ግርጌ ይወጣሉ። በብዙ የዘንባባ ዓይነቶች ከግንዱ አጠገብ የተቆረጠ ሥር መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ይበሰብስና ተክሉ ከግርጌው አዲስ ሥር ማውጣት ይኖርበታል። ገና ግንድ ያላበጀ ትንሽ ችግኝ ደግሞ ለዚህ አቅሙ አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ የአንድ ግንድ እድገት የሚመጣው መሃል ካለው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ቢላው እሱን ከነካው ያ ግንድ አለቀለት፤ ከጎን የሚተካው ቅርንጫፍ የለም።

ዓይነቱንም ለዩ። ኬንቲያ እና ካሜዶሪያ ኤሌጋንስ የሚባሉት ዘንባባዎች በተፈጥሯቸው አንድ ግንድ ብቻ የሚያወጡ ናቸው፤ ማሰሮ ውስጥ በዛ ብለው ካያችሁ የተለያዩ ችግኞች ናቸው ማለት ነው። አሬካ የሚባለው ዘንባባ ግን ከሥሩ ብዙ ግንድ ያወጣል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ በርካታ ዘር በአንድ ማሰሮ ተዘርቶ ይሸጣል።

ቴምር ላይ ሌላ ተንኮል ይጨመራል። «ይህቺ ሴት ናት፣ ታፈራለች» ተብሎ ከዘር የበቀለ ችግኝ በእጥፍ ዋጋ ሲቀርብ ብታዩ አትመኑ። ቴምር ወንዱና ሴቷ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ከዘር ከሚበቅለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው፤ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ማንም በዓይኑ አይቶ ሊለየው አይችልም፣ አበባው ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። እንደ እናቱ እንደሚያፈራ አስቀድሞ የሚታወቀው ከእናቱ ግርጌ የበቀለ ልጅ ወይም በቤተ ሙከራ ከእሷ የተባዛ ችግኝ ነው። ልጁም ቢሆን የራሱን ሥር እስኪያበጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ከግንዱ ከፍ ብሎ የወጣ፣ ሥር የሌለው ልጅ ከሆነ የመጽደቅ እድሉ በጣም ትንሽ ነው።

ስትገዙ ሻጩ ችግኙን ከማሰሮው አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሥር የያዘ ተክል አፈሩን አቅፎ በአንድነት ይወጣል፣ ጫፋቸው ነጣ ያለ ሥሮችም ዳር ዳሩን ይታያሉ። አፈሩ እርግፍ ካለ ሰሞኑን የተሰካ ነው። ግርጌውን ይዛችሁ በቀስታ ስታነቃንቁት የሚወዛወዝ ከሆነም ተዉት። ቅጠሎቹ ለምን እንደተከረከሙም ጠይቁ፤ ሥሩ የተቆረጠበትን ተክል ውኃ እንዳይጨርስ ቅጠሉን መቀነስ የተለመደ ነው። መሃል ላይ ያለውን ገና ያልተዘረጋ ቅጠል በቀስታ ሳብ አድርጉት፤ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ከቀረ ልቡ በስብሷል። አላሳይም ካላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

የተሻለው ግዢ ያልተነካውን፣ የታጨቀውን ማሰሮ በአንድ ተክል ዋጋ ወስዶ ራስ መለየት ነው። ሞቃት ወቅት ምረጡ። ሥሩን ከነአፈሩ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አፈሩ እስኪላቀቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ከታች ጀምራችሁ በጣት ፍቱት። ቢላ አያስፈልግም። ሁሉንም ላድን አትበሉ፤ ከጠንካራው ጋር የተጠላለፈ ደካማ ችግኝ ካለ ከመጎተት ይልቅ ከአፈሩ ጋር እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት። የተለዩት ሥራቸው ሳይደርቅ ውኃ በሚያሳልፍ አፈር፣ በፊት በነበሩበት ጥልቀት ለየብቻቸው ይተከሉ፤ ጥላ ሥር ይቀመጡ። አዲስ ቅጠል እስኪዘረጉ ማዳበሪያ አትስጧቸው። ሥራቸው ማሰሮውን ከሞላ በኋላ ቀስ በቀስ ፀሐይ አለማምዳችሁ መሬት አውርዷቸው።

«እንዳይወድቅ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። ጠልቆ የተተከለ ዘንባባ ሥሩ አየር ያጣል፣ ጉዳቱም ቆይቶ ነው የሚታየው። ጉድጓዱ ጎኑ ይስፋ እንጂ ጥልቀቱ ከሥሩ ቁመት አይብለጥ።

እንዲህ ዓይነቱን ችግኝ ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሥሩን በፎቶ አስቀሩ፣ ግዢው ሳይረሳም ለሻጩ አሳዩት። ተክሉን ጥላ ሥር አድርጉት፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቋጥር። አረንጓዴ ቅጠሉን አትቁረጡ፤ አዲስ ሥር የሚያወጣበት ምግብ የሚመጣው ከዚያ ነው።