የካሲዮ ጂደብሊው-ኤም5610 የእጅ ሰዓት፦ ለአምቡላንስ ቅጽ ይሆናል?

በአምቡላንስ ቅጽ ላይ ሰዓቶች የሚጋጩት አብዛኛውን ጊዜ ከተለያየ ቦታ ስለሚቀዱ ነው። የጥሪውና የስምሪቱ ሰዓት ከጥሪ ማዕከሉ ኮምፒውተር፣ የኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) እና የሾኩ (ልብን ለማስተካከል የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት) ከሞኒተሩ (ልብን ከሚከታተለው መሣሪያ)፣ የመድኃኒቱ ደግሞ ከእጅ ሰዓት ይመጣል። ሞኒተሩ 3 ደቂቃ ከዘገየ 14:06 ላይ የተሰጠ ሾክ 14:03 ተብሎ ይታተማል። ቡድኑ ታካሚው አጠገብ የደረሰው 14:04 ከሆነ፣ ቅጹ ማንም ሳይደርስ ሾክ ተሰጠ እያለ ነው።

ጂደብሊው-ኤም5610 እዚህ ላይ የሚጠቅመው ራሱን በሬዲዮ ስለሚያርም ነው። ከጀርመን፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከቻይና የሰዓት ጣቢያዎች ሌሊት ሌሊት ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ በማይደርስበት ቦታ ግን ተራ ኳርትዝ ነው፤ በወር እስከ 15 ሰከንድ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ደቂቃ ብቻ ለሚጻፍበት ቅጽ ይህም ይበቃል፣ በየወሩ በእጅ ከተስተካከለ።

አንቴናው ብረት፣ ሞተርና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አጠገብ ምልክት አይዝም፤ ማለትም አምቡላንስ ውስጥ ተስፋ የለውም። ከተረኛነት ውጭ ባለ ሌሊት መስኮት ላይ፣ የላይኛው ጠርዙ (በዘንግ ሰዓት ላይ 12 ቁጥር የሚገኝበት) ወደ ውጭ ዞሮ ይቀመጥ። መጨረሻ የታረመበትን ቀን ራሱ ስለሚያሳይ፣ ቀኑን ሳያዩ ማመን ስህተት ነው።

ሌላው ወጥመድ ኃይል ቆጣቢው ነው። ሌሊት እጅጌ ሥር ለአንድ ሰዓት ያህል ከተሸፈነ ስክሪኑ ይጠፋል። ቁልፍ ሲነኩት ይመለሳል፣ ግን በደም በተነካ ጓንት ቁልፍ መፈለግ የማይታሰብ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት፣ እግረ መንገድንም ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር መቀየር ነው።

ተረኛነት ሲጀመር ሦስቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ይታዩ፤ መነሻው የጥሪ ማዕከሉ ነው። ልዩነቱ ቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፋል፦ «ሞኒተር 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይዘገያል»። የዘገየው ላይ ይደመራል፣ ከቀደመው ይቀነሳል፤ የታተመው ወረቀት ግን አይነካም። ታካሚ ከተያያዘ በኋላ የሞኒተሩን ሰዓት ማስተካከል ደግሞ መዝገቡን መሃል ላይ መስበር ነው። የጥሪ ማዕከሉ ሰዓት ራሱ ከትክክለኛው ከወጣና የእጅ ሰዓቱን በእሱ ካስተካከሉ፣ ጂደብሊው ሌሊት ተመልሶ ራሱን ያርምና ጠዋት ልዩነቱ እንደገና ይመጣል። ስለዚህ የእጅ ሰዓቱን ትቶ ልዩነቱን መጻፍ ይሻላል።

ሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት) ላይ ወደታች ቆጣሪው 2 ደቂቃ ይሞላል፣ ለልብ ምት ፍተሻ። አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ስለሚሰጥ የእያንዳንዱ መጠን ሰዓት ወዲያው ይያዝ። ጓንት ላይ የተጻፈ ሰዓት ከጓንቱ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፤ ጭን ላይ የተለጠፈ ነጭ ፕላስተር ይሻላል። በኋላ በትዝታ የተሞላ ቅጽ 10፣ 15፣ 20 በሚሉ ደቂቃዎች ስለሚሞላ ከሩቅ ያስታውቃል።

መኪናው የቆመበትና ታካሚው የተገኘበት ሰዓት ግን ማንም የእጅ ሰዓት የማይለያቸው ሁለት ሣጥኖች ናቸው፤ ሊፍት የሌለው ስድስተኛ ፎቅ ብዙ ደቂቃ ይበላል። በስህተት የተጻፈ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል። ስርዝ ድልዝ ወይም ነጭ ቀለም ትክክለኛውን ሰዓት እንኳ አጠራጣሪ ያደርገዋል።

የልብ ምት በጣት ለመቁጠር የሰከንድ ዘንግ ያለው ሰዓት ከዚህ ይመቻል፤ ዓይን የሚሮጥ ቁጥር እያየ ምት መቁጠር ያደክማል። ጥቁር ስክሪን ያለው ዓይነት ያምራል፣ ግን በደብዛዛ ብርሃን አይነበብም። ለዚህ ሥራ ግራጫው ይገዛ።