የ«ጠባይ»ን ሥር ፍለጋ፦ የሌስላው የግዕዝ መዝገበ ቃላት

የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ዎልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በቪስባደን ያሳተሙትን የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት የገለጥሁት «ጠባይ» ወይስ «ፀባይ» ተብሎ መጻፍ እንዳለበት ለማወቅ ነበር። ያገኘሁት መልስ ከፊደል ጥያቄ እጅግ የራቀ ሆነ። ቃሉ በግዕዝ «ጠባይዕ» ሲሆን የመጣው ከዐረብኛው «ጠባኢዕ» ነው፤ ይህም የ«ጠቢዓ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ፣ ግዕዝ ብዙውን እንደ ነጠላ ተቀብሎ «ጠባይዓት» በማለት ዳግመኛ አብዝቶታል። የዐረብኛው ግስ ማተም፣ ማኅተም ማሳረፍ ማለት ነው፤ ማተሚያ ቤትም ከዚሁ ሥር «መጥበዓ» ይባላል። እንግዲህ ጠባይ በሰው ላይ የታተመ ምልክት ነው፤ ግሪኮች «ካራክቴር» የሚሉት ቃልም ከመቅረጽ የተነሣ በመሆኑ ይህ መመሳሰል ልቤን ይነካዋል። በግዕዝ ቃሉ ተፈጥሮንና ባሕርይን ሁሉ ሲያቅፍ፣ በአማርኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰውን አኳኋን ብቻ ይገልጻል። የፊደሉም ጉዳይ በዚሁ ይቆረጣል፤ «ጠ» ነው።

መጽሐፉ ግን ለእኛ አንባቢዎች ምቹ አይደለም። ቃላቱ የተደረደሩት በላቲን ፊደል ተራ፣ ፍቺያቸውም የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከሁሉ በላይ የምቆጭበት ቃሉ በየትኛው የግዕዝ ድርሳን እንደሚገኝ አለመጥቀሱ ነው፤ ለዚህ ዛሬም ወደ ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ዲልማን የ1865 እ.ኤ.አ. የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት መመለስ ግድ ይላል። ያም ሆኖ ቃላት እንደ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ካሉ የሴም ቋንቋዎች ጋር ያላቸውን ዝምድና ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላየሁም።