ያገለገለ፣ ኬዋይቢ፣ ቢልስታይን ወይስ ኮይልኦቨር፦ ለወሎ መንገድ የቱ የስፖርት መኪና ሾክ ይሻላል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከፊት ግራ ጎማ በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ መስማት የጀመርኩት አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ የመጨረሻዋ ሞዴል፣ በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2006 የተመረተችው ባለ 1.8 ሞተር፣ እና ምን ያህል እንደምወዳት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ መካኒኩ ፓራፋንጎውን በሁለት እጁ ጫን ጫን አደረገና "ሾኩ ሞቷል፣ ሁለቱንም ቀይር" አለኝ። አመንኩት፣ ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ ማታ ሰፈር ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ ያው ኳ ኳ! በኋላ ሌላ ጋራዥ ያሉ ጋሼ ከስር ገብተው የስታብላይዘር ሊንኩን (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘውን ባራ ከእግሯ ጋር የሚያያይዘውን አጭር ዘንግ) በእጃቸው ሲነቀንቁት ድምፁ እዛው ተገኘ፣ ዋጋው የሾኩን ሩብ እንኳን የማያክል ዕቃ። ለዚህ ነው ሾኮቹን ከማወዳደሬ በፊት ስለ ድምፅ የማወራው፣ በተለይ አሁን ነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሎ ያለችንን መኪና ጠብቀን መያዝ ግድ ስለሆነ፣ ብር በከንቱ ባይወጣ ጥሩ ነው።

በዝግታ ስትነዱ፣ ትንንሽ ጉድጓድና ኮብል ላይ፣ ፈጠን ፈጠን ያለ ኳ ኳ ኳ ከሰማችሁ መጀመሪያ ሊንኩን ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ የግራና የቀኝ ሊንክ ሁለቱም ከቦታቸው ተፈትተው፣ ምንም እንዳይነኩ ወደ ጎን በደንብ ታስረው ሰፈር ውስጥ በቀስታ ዞር ማለት፣ ድምፁ ከጠፋ ሊንኩ ወይም የባራው ጎሚኒ ነው (ግን እንደዛ ሆናችሁ ዳገት ቁልቁለት አትውጡ፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ በጣም ታጋድላለች)። ፍሬን ስትይዙ ወይም ነዳጅ ስትሰጡ አንድ ጊዜ ብቻ "ድም" የምትል ከሆነ የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚይዘው ክንድ) ቡሽ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ቦል ጆይንት ነው፣ ቦል ጆይንት ከሆነ ደግሞ ቀልድ የለውም፣ ከወጣ ጎማው ይታጠፋል። መኪናዋ ቆማ መሪ ስታዞሩ ጥርርር ወይም ዘለል የሚል ነገር ካለ የላይኛው ማውንቲንግ (ሾኩ ከላይ አካሉ ላይ የሚታሰርበት) ኩሽኔታ ነው፣ አንድ ሰው መሪ ያዙር እናንተ እጃችሁን ሞላው ላይ አድርጉ፣ ሞላው በአንድ ላይ ሳይዞር ተይዞ ቆይቶ ሲዘል ይሰማችኋል። ጠዋት ጠዋት በደሴ ብርድ ሲጥ ሲጥ ብሎ መኪናዋ ስትሞቅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የደረቀ ጎማ ቡሽ ነው። ሴሊካ የኋላ እግሯ ደብል ዊሽቦን፣ ማለትም ከላይም ከታችም አርም ያለው ስለሆነ እዛ ያለው የቡሽ ብዛት ቀላል አይደለም፣ ከኋላ ድምፅ መጣ ብሎ ወዲያው ሾክ መግዛት ትልቅ ስህተት ነው።

ሾኩ ራሱ ሲያልቅ ግን ከድምፅ ይልቅ የመኪናዋ ጠባይ ነው የሚለወጠው። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ጉብታ አልፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ትንሳፈፋለች፣ ኩርባ ላይ መንገዱ ሻካራ ከሆነ ወደ ጎን ሸርተት ሸርተት ትላለች፣ ጎማው ላይ እጃችሁን ስታስኬዱ ከፍ ዝቅ ያለ ማዕበል የመሰለ አበላል ታገኛላችሁ። ሾኩ ላይ ስስ ላብ መሰል ነገር ማየት ብቻውን ችግር አይደለም፣ ዘይቱ ወርዶ አቧራ ይዞ ጭቃ ከሰራ ግን አልቋል። ያ ጫን ጫን የማድረግ ፈተና የሚያሳየው ጨርሶ የሞተውን ብቻ ነው፣ ግማሽ የደከመውን አይነግራችሁም፣ እና በ80,000 ኪሎሜትር አካባቢ በደንብ ማስፈተሽ ያስፈልጋል የሚባለውን እኛ መንገድ ላይ ቀደም አድርጉት።

እሺ ሾክ መሆኑ ከተረጋገጠ ምን እንግዛ?

መጀመሪያ ያገለገለው። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈቶ የመጣ እያሉ የሚያቀርቡት። እኔ አልገዛም፣ ሌላ አማራጭ አጥታችሁ ከሆነ ግን ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ሾኩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ አምስት ስድስት ጊዜ እስከ ታች ጨምቁ፣ ተኝቶ የቆየ ከሆነ ውስጡ አየር ስለሚገባ መጀመሪያ ላይ ባዶ ባዶ ይላል፣ ከዛ በኋላም አቅጣጫ ስትቀይሩ ባዶ ቦታ ካለው ወይም ዘንጉ ላይ ዝገት ነጠብጣብ ካለ ተዉት፣ ነጠብጣቧ የዘይት ጎሚኒውን በልታ በወር ታስፈስሰዋለች።

ቀጥሎ ባለ ሁለት ቱቦው ጋዝ ሾክ፣ እኛ ጋ በብዛት የሚታወቀው ኬዋይቢ ኤክሴል ጂ ነው። ውስጥ አንድ ቱቦ ውጪ አንድ ቱቦ፣ መሃሉ ዘይትና ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጂን። በሌላ በኩል ባለ አንድ ቱቦው፣ ለምሳሌ ቢልስታይን ቢ6፣ ዘይቱና ጋዙ በተንሳፋፊ ፒስተን ተለያይተው ጋዙ ከ20 ባር በላይ ግፊት አለው። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ልዩነት። ሾክ ረጅም ሻካራ መንገድ ላይ ሲመታ ይሞቃል፣ ባለ ሁለት ቱቦው ሲሞቅ ዘይቱ አረፋ ይሰራና ለጊዜው ይደክማል፣ ባለ አንድ ቱቦው ግን ግፊቱ አረፋ እንዳይሰራ ይይዘዋል፣ ግድግዳውም በቀጥታ ንፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ እስክትደርሱ ያለውን ኩርባ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ጓደኛዬ ቢልስታይን ያሰረ መኪና አለው፣ አንድ ቀን ሰጥቶኝ ነድቼዋለሁ፣ መኪናዋ መንገዱን ይዛ ነው የምትወርደው፣ መሪው ላይ የሚሰማው እርግጠኝነት በእውነት ደስ ይላል።

ታዲያ ለምን እሱን አልገዛሁም? ምክንያቱም ወሎ ሐረጎ ብቻ አይደለም። ባለ አንድ ቱቦው ፒስተኑ የሚሄደው ራሱ የውጪው ግድግዳ ላይ ነው፣ ከጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ቢሰረጉደው ፒስተኑ ይያዛል፣ አለቀ። ባለ ሁለት ቱቦው ውጪው ቢጎዳም ውስጠኛው ካልተነካ ይሰራል። የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ በወር ሁለቴ ፒስታ የሚገባ ሰው፣ ወደ አቀስታ ይሁን ወደ ወረኢሉ ገጠሩ ጋ፣ ይሄን ማሰብ አለበት። ሁለተኛ ትንንሹ ንቅናቄ ሁሉ ይሰማችኋል፣ ኮብል ላይ ወገብ ያማል፣ እናቴን ባቲ ሰኞ ገበያ ይዣት ስሄድ "ልጄ ይቺ መኪና ታማለች እንዴ" እንድትል አልፈልግም። ሦስተኛ ዋጋው፣ ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ከተለቀቀ ወዲህ ቁጥር ብፅፍ ነገ ይለወጣል፣ ግን በየትኛውም ቀን ጠይቁ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ደሴ ውስጥ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። ስለዚህ አስፋልት ላይ ብቻ የሚውል፣ ፈጠን ብሎ መንዳት የሚወድ ሰው ቢልስታይኑን ይግዛ፣ አይቆጨውም። ፒስታና አስፋልት የሚቀላቅል እንደኔ ያለው ግን ኤክሴል ጂ በቂው ነው ባይ ነኝ፣ ሻካራ መንገድ ላይ ትንሽ ቀስ ማለት ነው።

ኮይልኦቨር፣ ሾክና ሞላው አንድ ላይ ሆኖ ከፍታው የሚስተካከለው? ለወሎ አይሆንም፣ በቃ። ዝቅ ብሎ ማማር ያምራል፣ ግን ዝቅ ያለች መኪና ሾክ የመጨመቂያ ቦታው ያንሳል፣ በየጉብታው እስከ ጎሚኒው ድረስ ይመታል፣ ርካሾቹ ላይ ደግሞ የላይኛው ማያያዣ በጎማ ፋንታ ብረት ኳስ ስለሆነ አቧራ ሲገባበት የራሱን ኳ ኳ ይጀምራል። ድምፅ ለማጥፋት የወጣ ብር ድምፅ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የመኪናዋን ሞላ አሳጥረው የቆረጡ ልጆች ላይ ያየሁትም ይሄው ነው፣ ቆርጦ ኦሪጅናል ርዝመት ያለው ሾክ ማሰር ሾኩን በቶሎ ይገድለዋል፣ ዝቅ ማድረግ የግድ ያላችሁ አጠር ተደርጎ የተሰራውን የቢልስታይን ቢ8 ጠይቁ።

ኬዋይቢ ስትገዙ ፌኩ ብዙ ነው፣ ካርቶኑን አትመኑ። ሾኩ አካል ላይ የተመታውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፣ የታሰረበትን ማሰሪያ ስትፈቱት ዘንጉ ቀስ እያለ ራሱ መውጣት አለበት፣ ጋዝ አለው የተባለ ሾክ ዝም ብሎ ከተኛ ጋዝ የለውም። ሁልጊዜ ጥንድ ግዙ፣ የፊት ሁለት ወይም የኋላ ሁለት፣ አንዱን ብቻ መቀየር መኪናዋን ፍሬን ላይ ወደ አንድ ጎን ያዛባታል። አቧራ መከላከያውንና የመምቻ ጎሚኒውን አዲስ ጨምሩ፣ ማውንቲንጉም ካረጀ አብሮ ይቀየር፣ ምክንያቱም እሱን ለብቻው ለመቀየር ያንን ሥራ ሁሉ እንደገና መክፈል ነው።

ሲገጠም ቁሙና እዩ፣ መካኒኩ አይቀየምም፣ ከተቀየመም ይቀየም። ሞላው በሞላ መጭመቂያ ብቻ ነው የሚጨመቀው፣ በሽቦ ወይም በሰንሰለት አስሮ ሊፈታ የሚሞክር ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ያ ሞላ ከተፈታ ሰው ይገድላል። ባለ ሁለት ቱቦ ከሆነ ከመታሰሩ በፊት ቀጥ አድርጎ ደጋግሞ ይጨመቅ። ከዛ የምትጠነቀቁለት ነገር የጎማ ቡሽ ያለበት ቡሎን ነው፣ መኪናዋ ክሪክ ላይ እግሯ ተንጠልጥሎ ሙሉ በሙሉ ከተጠበቀ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በጥቂት ወር ተቀዶ ሲጥ ሲጥ ይጀምራል፣ ስለዚህ መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ከያዘች በኋላ ነው የመጨረሻው ማጥበቅ። እኔ ያንን ቀን ረስቼው በማግስቱ ተመልሼ አላልቼ እንደገና አስጠበቅኩት፣ አላይመንቱንም ያኔ አሰራሁ፣ አሁን ሐረጎን ስወርድ መስኮት ከፍቼ የምሰማው የጎማውን ድምፅ ብቻ ነው።