ለገና ወደ ማልዲቭስ «የፎይል ሳምንት» የሚሸጡላችሁ ካሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ ወገኖች፣ ለገና በዓል ወደ ማልዲቭስ የሚወስድ «የፎይል ሰርፍ ሳምንት» የሚባል ፓኬጅ በቴሌግራም እየዞረ ነው። አትግዙት። ባለፈው ገና እኔና ጓደኞቼ በዚሁ ፓኬጅ ሄደን ነበር፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውና እዚያ የጠበቀን አይገናኝም። በሸጠልን ወኪል ላይ አቤቱታ ስላስገባን ስሙን እዚህ አልጠራም። አሻሻጡን ግን እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ ማስታወቂያ ከሌሎች ሻጮችም አይቻለሁ።

ፎይል ለማታውቁ ባጭሩ፦ ሰው ቆሞበት ባሕር ላይ ከሚሄድበት ቦርድ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ምሰሶ አለ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ደግሞ ክንፍ። ፍጥነት ሲይዝ ክንፉ ቦርዱን ከነሰውየው ከውሃው በላይ ያነሳዋል። በሞገድ የሚሄድ አለ። ዊንግ በሚባል በእጅ በተያዘ ሸራ፣ በነፋስ የሚሄድ አለ። ኢፎይል የሚባለው ደግሞ ባትሪና ሞተር አለው። ሦስቱ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ነው። ማስታወቂያው ግን የሦስቱንም ፎቶ ደርድሮ «ሁሉም የተካተተ፣ ዓመቱን ሙሉ ሞገድ» ይላል።

ዓመቱን ሙሉ የሚባለው ውሸት ነው። የማልዲቭስ የሰርፍ ወቅት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ ነው፣ ጠንከር የሚለውም በእኛ ክረምት አካባቢ ነው። በዋና ከተማዋ በማሌ ዙሪያ ያሉት ስመ ጥር የሞገድ ቦታዎች፣ ሱልጣንስ፣ ጄይልብሬክስ፣ ኮክስ፣ በገና ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላሉ። ይህን ስትጠይቁት ወኪሉ «ፎይል እኮ በትንሽ ሞገድም ይሄዳል» ይላችኋል። እሱስ እውነት ነው። ያልነገራችሁ ግን ሞገዱ የሚሰበረው ኮራል (ከባሕሩ ሥር ያለ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር) ላይ መሆኑን ነው፤ የፎይል ምሰሶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ሳንቲሜትር ይረዝማል፣ ስለዚህ በተራ ቦርድ በሰላም የምታልፉበት ጥልቀት ላይ ክንፉ ኮራሉን ይመታና እናንተን ወደፊት ይወረውራችኋል። ስለታም ኮራል ላይ፣ ስለታም ክንፍ አጠገብ መውደቅ ጨዋታ አይደለም። ለጀማሪ ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም፣ ፓኬጁ ግን የሚሸጠው «ልምድ አያስፈልግም» ተብሎ ነው።

ታዲያ ሪዞርቱ ፊት ለፊት ያለው ያ ሰማያዊ ጸጥ ያለ ውሃስ? እኛ የሄድንበት ሪዞርት ላይ አብዛኛው ቦታ ወገብ እንኳ አይደርስም ነበር። እዚያ ፎይል መንዳት ክልክል ነው ተባልን። የሚፈቀደው ጥልቅ ወደሆነው ቦታ በጀልባ ወጥቶ ነው፣ ጀልባው ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ሪዞርቱን አልወቅሰውም፤ ኮራሉንም ሰውንም መጠበቅ አለበት። ይህን እያወቀ የሸጠልንን ሰው ነው የምወቅሰው።

«ያልተገደበ የውሃ ስፖርት» የምትለዋን ሐረግ በደንብ ያዟት። በብዙ ሪዞርቶች ይህ ማለት ሞተር የሌለው ነገር ብቻ ነው። ካያክ፣ መቅዘፊያ ቦርድ፣ የስኖርክል መነጽር። ኢፎይል እዚያ ውስጥ የለም። እኛን ለ30 ደቂቃ 150 ዶላር ጠየቁን፣ ታክሱን ሳይጨምር። በዚያ ላይ ዕቃው ከተሰበረ እንከፍላለን ብላችሁ ትፈርማላችሁ፣ አንዳንዱ አዲስ ኢፎይል ደግሞ ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ከመፈርማችሁ በፊት የኃላፊነታችሁ ጣሪያ ስንት እንደሆነ በቁጥር አስጽፉ። የራሴን ይዤ እሄዳለሁ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ አስቡበት፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ አያሳፍርም፣ የኢፎይል ባትሪ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና የቱሪዝም ታክስ ገና አልተጨመረም ማለት ነው። ታክሱ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 17 በመቶ ሆኗል። ብዙውን ጊዜ ታክሱ የሚሰላው አገልግሎቱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 2,000 ዶላር የተባለው 2,574 ይሆናል። አልጨረስንም። ግሪን ታክስ የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሪዞርት ላይ ለአንድ ሰው በአዳር 12 ዶላር ነው። ባልና ሚስት ለ7 ሌሊት 168 ዶላር። ይህ ሁሉ የመንግሥት ሕግ ስለሆነ መከፈሉ ቅር አይለኝም። ነገር ግን «ከዚህ በኋላ አንድ ሳንቲም አትጨምሩም» ተብሎ በጽሁፍ ቃል ከተገባ በኋላ መውጫ ላይ ሲጠየቅ፣ ማጭበርበር ነው።

ትራንስፖርቱም እንደዚያው። የእኛ ሪዞርት የሚደረሰው በባሕር አውሮፕላን ነበር። እነዚህ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ወኪሉ የቆረጠልን በረራ ማሌ የገባው አመሻሽ ላይ ስለነበር የመጀመሪያውን ሌሊት ከኤርፖርቱ አጠገብ ሁልሁማሌ በራሳችን ኪስ አደርን፣ ሪዞርቱ ላይ የተከፈለበት አልጋ ባዶውን አደረ። የሚፈቀደው ሻንጣ 20 ኪሎ፣ የእጅ ደግሞ 5 ኪሎ ነው። ከመካከላችን የራሱን የዊንግ ቦርድ የያዘ ጓደኛችን ቦርዱ ስለረዘመ በጀልባ በኋላ ይላካል ተባለ። ሁለት ቀን ጠበቀ።

የባሰ ያናደደኝ ግን ትንሿ ነገር ናት። ከእያንዳንዳችን «ለቪዛና ለመግቢያ ፎርም» ብሎ 85 ዶላር ወስዷል። ማልዲቭስ ለቱሪስት ስትደርሱ የምትሰጠው የ30 ቀን ቪዛ ነጻ ነው። ኢሙጋ የሚባለው የመግቢያ ፎርምም ነጻ ነው፤ ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በስልካችሁ ትሞሉታላችሁ። ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለነጻ ነገር መውሰድ ያሳዝናል። በአንጻሩ የግድ መናገር የነበረበትን አልተናገረም። ከአዲስ አበባ መጥታ የተቀላቀለችን የጓደኛችን እህት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ተጠየቀች። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ካርዱ ያስፈልገዋል፣ ክትባቱም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እሷ ካርዱን በአጋጣሚ ይዛው ነበር እንጂ ጉዞዋ እዚያው ያበቃ ነበር።

ማልዲቭስን አትሂዱ እያልኩ አይደለም። አገሩ ያምራል፣ ሰዉም ጨዋ ነው። ለሞገድ ከሆነ ከግንቦት በኋላ ሂዱ፣ እንደ ቱሉስዱ ያለ ነዋሪ ያለበት ደሴት ላይ እንግዳ ማረፊያ ያዙ። ከማሌ በፈጣን ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ኮክስና ቺክንስ የሚባሉት ሞገዶች እዚያው አካባቢ ናቸው፣ ግሪን ታክሱም ከ50 ክፍል በታች ባላቸው ማረፊያዎች 6 ዶላር ነው። አልኮል እንደማይገኝና የመዋኛ ልብስ የሚፈቀደው በተለየ የባሕር ዳርቻ ብቻ እንደሆነ ግን እወቁ። ለነፋስና ለዊንግ ከሆነ እኔ ዛንዚባር ያለችውን ፓጄን እመርጣለሁ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ዛንዚባር ቀጥታ በረራ አለ። እዚያም ቢሆን ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው በጣም ስለሚያንስ የሞላበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ነው ፎይል የምታወጡት።

ፓኬጅ መግዛት የግድ ከሆነባችሁ፣ ቀብድ ሳትሰጡ ለሪዞርቱ ራሱ ኢሜይል ጻፉ። በነዚያ ቀናት ፎይል ይፈቀዳል ወይ? የትኛው ዓይነት? የት ቦታ፣ በምን ያህል ጥልቀት? አስተማሪ አለ? ዋጋው ታክሱን ጨምሮ ስንት ነው? የእኛ ወኪል ስማችንን ሪዞርቱ ጋ ያስያዘው ከመሄዳችን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ እንደነበር ያወቅነው እዚያ ከደረስን በኋላ ነው፣ ቀብዱን ግን የወሰደው በመስከረም ነበር። ዱባይ ውስጥ የጉዞ ወኪል ከኢኮኖሚና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን ጠይቁት። «ወደ ግል አካውንቴ ላክ» ካላችሁ እዚያው አቁሙ። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁ ጋ ክፍያውን መቃወም ትችላላችሁ፣ ግን የጊዜ ገደብ ስላለው አታዘግዩ። ከመካከላችን በካርድ የከፈለችው አንዷ የተወሰነውን አስመልሳለች፣ በሐዋላ የላክነው ግን እስካሁን እየጠበቅን ነው።

ባለፈው ገና በዚሁ መንገድ የሄዳችሁ ካላችሁ ደረሰኙንና የቴሌግራም ንግግሩን አታጥፉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቤቱታው ላይ ስማችሁን አብረን እናስገባለን።